በአባዬ ስም የሰጠሁት ሰገራ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ዘነበች ባዶ የክብሪት ቀፎ እጄ ላይ አስቀመጡና «ሂጂ ጓሮ፤ ከዓይነ ምድርሽ ቆንጠር አድርገሽ እዚህ ውስጥ አድርጊና ነይ» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለዱም። «ያንቺ ንጹሕ ነው። በአባትሽ ስም ትሰጫለሽ» አሉ፣ ልክ ከጎረቤት ጨው ለምነሽ ነይ እንደሚሉኝ ዓይነት። አባዬ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያስራል። ቀና ብሎ አላየኝም። የአንዱን እግር ማሰሪያ ፈታው፣ አሰረው፣ ደሞ ፈታው። አባዬን ታውቁታላችሁ ብዬ አይደለም እንጂ፣ ሙሉ የበሬ ታፋ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ገበያ መሀል እየሳቀ የሚያልፍ ሰው ነው። እሱ ሰውዬ የልጁን ሰገራ ሊዋስ ቁጭ ብሎ ጫማ ያስራል። «አባዬ፣ እውነት ነው?» አልኩት። «አክስትሽ ያሉሽን አድርጊ» አለኝ፣ ለጫማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐሙስ አባዬ ልኳንዳው ውስጥ ሥጋ ሊሰቅል ሲንጠራራ ዝርር ብሎ ወደቀ። ሰዎች ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። እዚያ ያለችው ነርስ፣ ሲስተር አመተሥላሴ፣ የዓይኑን ሽፋን ገልብጣ አየችና ደም የለህም አለችው፤ ቀስ እያለች ስትጠይቀው ለማንም ያልተናገረውን ነገራት። ከበዓለ ጥምቀት ጀምሮ ሲቀመጥ ደም ያያል። ሰኞ ሰገራ አምጣ፣ ደም ከተገኘበት ደብረ ብርሃን እጽፍልሃለሁ፣ ከዚያ አዲስ አበባ አንጀትህን በቱቦ ያዩልሃል አለችው። ሰኞ ደሞ ዛሬ ነው። ዛሬ ማታ ሳይሆን ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከዘመሮ ሽማግሎች ይመጣሉ፤ ለእህቴ ለጽናት። የመጀመሪያው እሺታ አልፏል፤ የቀረው ሰባት ቤት መቁጠር ነው። ዘር ከዘር እንዳይገናኝ፣ ደሞ ዘር ውስጥ ደዌ እንዳይኖር። አባዬ፣ ደመላሽ፣ ሆስፒታል ተላከ ከተባለ እዚህ መሐል ሜዳ በምሳ ሰዓት ይሰማል፣ እዚያ ዘመሮ በእራት ሰዓት። እማዬ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚያዙት የአባዬ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ናቸው። ያዘዙት ይሆናል። ሆነ።

የጓሮውን ነገር አልነግራችሁም። ቀፎውን ላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት፣ ከዚያ ኪሴ ውስጥ መሆኑ አስጠላኝና አውጥቼ በሁለት ጣት ያዝኩት፣ ከዚያ ደሞ ሰው የሚያየው መሰለኝና መልሼ ከተትኩት። መናኸሪያው ጋ የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። አንድ ሰውማ ነበረኝ፣ ጫማውን እያሰረ ቤት ቁጭ ብሏል። ብርዱ ከጓሳ በኩል ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ሁሉ አፍንጫቸውን ሸፍነው «እንዴት አደርሽ ሳሌም፣ አባትሽ ተሻለው?» ይሉኛል። «ደህና ነው፣ ደህና ነው።» የውሸት አፍ እንዴት ቶሎ ይለምዳል። ልኳንዳችንን ሳልፍ ትናንት የቀረው ጎድን ተሰቅሎ ዝንብ ወሮታል፤ ኪሎው ሃያ አምስት ብር የሚለው ካርቶን ላይ ራሱ ዝንብ አለ። የደረቀ ደምና የጮማ ሽታ ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድኩት ነው። ዛሬ ግን አፌን ሞላው፤ ምራቄን ልውጠው አልቻልኩም፣ ተፋሁት።

ጤና ጣቢያው መስኮት ላይ የክብሪት ቀፎዎች ተሰልፈዋል፣ ከአሥር በላይ፣ ከየቀፎው ሥር ስም። አንዱ ክፍቱን ነው። አንዲት ሴትዮ ልጃቸውን ጡት እያጠቡ እዚያው ሥር ዳቦ ይበላሉ። እኔም ቀፎዬን አስቀመጥኩና በወረቀት «ደመላሽ ተገኘ፣ ወንድ፣ 47» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ሴት፣ አሥራ ሰባት። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ፤ የባዮሎጂ ፈተና ላይ ያልሠራሁትን ማጭበርበር እዚህ ሠራሁት። ሲስተር አመተሥላሴ ጠራችኝ። ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ያነሰ፣ ግን ስትጠይቅ ዓይንሽን አትለቅም። «ራሱ ለምን አልመጣም?» አለችኝ። እንግዳ አለብን አልኩ። ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣችና ሰው መሳል ጀመረች፣ ክብ ለሴት፣ አራት ማዕዘን ለወንድ፤ የታመመውን በእርሳስ ታጠቁረዋለች። «ያባትሽ አባት በምን ሞቱ?»

ሰባት ቤት እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነው የማውቀው። ማንኛውም የመንዝ ልጅ ያውቃል፤ ደመላሽ፣ ተገኘ፣ ጫኔ፣ ይታየው እያልኩ እስከ ላይ መውጣት እችላለሁ። እንዴት እንደሞቱም አውቃለሁ፣ ማለቴ እንዴት እንደሞቱ የሚባለውን። አያቴ ተገኘ ምቀኛ መድኃኒት አብልቷቸው። አጎቴ አፈወርቅ ጓሳ ሣር ሲያጭድ ብርድ መትቶት። አንዷ አክስቴ በሰው ዓይን። ነርሷ ጽፋ ጽፋ እርሳሷን አስቀመጠች። «ዕድሜያቸውስ?» አርባ ስምንት፣ አርባ አንድ፣ አርባ አራት። «ሲሞቱ ከስተው ነበር?» አጎቴ አፈወርቅ የሞተው እኛ ቤት ነው። ጨርቁን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ውሃው ሦስት ጊዜ ተቀይሮም ቀይ ነበር። ብርድ የመታው ሰው እንደዚያ ነው እንዴ? «አላስታውስም» አልኳት።

ሲስተር አልተቆጣችም። «ስሚ» አለች፣ «ይኼ የአንጀት ነቀርሳ አንዳንድ ቤት በዘር ይወርዳል። ከአባት ወደ ልጅ፣ በዘረ መል።» ዘረ መል! ፈተና ላይ መጥቶብኝ የሳትኩት። «ሁሉም ልጅ ይወርሳል ማለት አይደለም፤ የወረሰም ሁሉ አይታመም ይሆናል። ሆድ ውስጥ ደሞ ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች አሉ፣ የሚጠቅሙም የሚጎዱም። ገብስ፣ ጎመን፣ ባቄላ የሚበላ ሰው ደጎቹን ይቀልባል። አባትሽ ምን ይበላል?» ሳቄ መጣ። ልኳንዳ ከከፈተ ወዲህ አባዬ ገብስ የድሃ ምግብ ነው ይላል። በዚህ በመንዝ፣ ምድሩ ሁሉ ገብስ በሆነበት አገር፣ የገብስ ቆሎ ስታቀርቡለት «ፈረስ መሰልኩሽ?» ይላል። ጠዋት ጥሬ ሥጋ በአረቄ፣ ማታ ጥብስ በአረቄ፣ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ደሞ ረቡዕና ዓርብም የለም። «ሥጋ» አልኳት። «እንግዲያው በዘር ላይ ኑሮ ተጨምሮበት ነው የምንፈራው። ግን ቶሎ ከተገኘ ይቆረጣል፣ ይድናል። አንቺና እህትሽም ወደፊት መታየት አለባችሁ።» ቶሎ ከተገኘ። የላቦራቶሪው ልጅ ወረቀቱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። «ደም የለበትም» አለች፣ ግራ ገብቷት። «ወስፋት ግን ሞልቶታል።»

ወስፋት! የኔ ወስፋት! እዚያው ወንበር ላይ ሆዴ ውስጥ ሲላወሱ የተሰማኝ መሰለኝ፤ ሁሉ ነገሬ ቀፈፈኝ። ሲስተር ወረቀቱን ፈርማ ሰጠችኝ። «ፊቱ አላማረኝም፣ ለማንኛውም ራሱ ይምጣ፣ ድጋሚ እናየዋለን» አለች። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ እንደሆነ ሌላ ጊዜ አያርፍም፤ ለዚህ ብቻ ተዘጋ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እትዬ ዘነበች ወረቀቱን ማንበብ ስለማይችሉ ጽናት አነበበችላቸው። «ወስፋት!» ብለው እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ጎረቤት ትዝ ብሏቸው በእጃቸው ጋረዱት። ወረቀቱን አጥፈው ጡታቸው መሀል ሸጎጡት፣ እንደ ታቦት። ጽናት አቀፈችኝ። ፀጉሯን ተሠርታ፣ እጇን ሂና ተቀብታ፣ ሽቶ ሽቶ ትላለች፤ ያቀፈችኝ ስለ ሰገራዬ እንደሆነ እያወቀች ምንም አልመሰላትም። ከዚያ እትዬ አባዬን አስቀምጠው ፊቱን ማሳመር ጀመሩ። ቅቤ በመዳፋቸው አሟሙተው ጉንጩን ያሹታል፣ ከዚያ ጠፍ ጠፍ ያደርጉታል፣ ቀይ እንዲመስል። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀበላል። ቅቤው አገጩ ሥር ወርዶ ኮሌታው ላይ ይንጠባጠባል። ሙሽራ እሱ ይመስል ነበር። ወይም ሬሳ።

በስምንት ሰዓት መጡ። የልጁ አባት አቶ ወንዳፈራሁ፣ ዘር ቆጣሪው መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ፣ ሌላ ደሞ ሲያዛጋ የዋለ አንድ ሽማግሌ። በግራ በኩል እነሱ፣ በቀኝ እኛ። ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ውሃ ሰርጎበት ቢጫ ሆኗል፤ ጽናት ያንን እንዲሸፍን የበግ ጠጉር ባና ሰቅላለች፤ ባናው የበግ ሽንት ይሸታል። አባዬ ጥሬ ሥጋ በትሪ አቀረበ፣ ቢላውን ይዞ ራሱ ፊታቸው እየቆረጠ ይጎርሳል። ጤነኛ ነኝ ለማለት ነው። ያኝካል፣ ያኝካል፣ ቅቤና ላብ በግንባሩ ይወርዳል፣ መዋጥ ግን አይችልም፤ አረቄ እየላከበት ነው የሚያወርደው። አቶ ወንዳፈራሁ ሥጋውን አልነኩም፣ በአንድ ጎናቸው ጋደም ብለው አጎዛው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀበቷቸው ወገባቸውን ዞሮ ዞሮ ጫፉ ተንጠልጥሏል።

መሪጌታ ቆጠሩ። የነሱን ሰባት፣ የኛን ሰባት። አልተገናኘንም፤ ተመስገን ተባለ። አባዬ በመሀል «ይቅርታ» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ቆየ። እትዬ በዓይናቸው ላኩኝ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የቆመው፣ ከንፈሩ እንደ አመድ። «አመድ አፍስሺበት» አለኝና አለፈ። ገባሁ። አየሁት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ በግ የታረደበት ነው የሚመስለው። ሽታው የአጎቴ የአፈወርቅ ሽታ ነው፣ ያንኑ ሽታ በአምስት ዓመቱ አወቅኩት። አመዱን አፈሰስኩ፤ ቀዩ ወጣ፤ ደሞ አፈሰስኩ። እጄን ታጥቤ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዤ ስገባ መሪጌታ «ሰባቱስ አለቀ፣ ደዌውን እንጠይቅ እንጂ። አባታችሁ በምን አረፉ?» ይላሉ።

«መድኃኒት አብልተዋቸው» አሉ እትዬ።

«ወንድማችሁስ?»

«የጓሳ ብርድ።»

«አቶ ደመላሽስ? ወደቀ ሲሉ ሰምተን ነበር።»

እትዬ ሳቅ ብለው ከጡታቸው ወረቀቷን መዘዙ። «ወስፋት ነው አባቴ! ይኸው ማኅተም ያለበት። ወስፋት የሌለበት ደሞ ማን አለ?» ሁሉም ሳቁ። አባዬም ሳቀ፣ ጥርሱ መሀል የሥጋ ጅማት አለ።

«ወስፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ ነው። «ሰገራው የኔ ነው፣ ወስፋቱም የኔ ነው። እሱ ደም ነው የሚቀመጠው። አሁን ሄዳችሁ እዩት፣ አመድ ሥር አለ። አያቴም እንደዚያ ነው የሞተው፣ አጎቴም። ነርሷ በዘር ነው ብላለች። ደብረ ብርሃን ካልሄደ ይሞታል!» እትዬ ዘነበች «አንቺ ውሻ!» ብለው የትሪውን ክዳን ወረወሩብኝ፤ ትከሻዬን አገኘኝ። ጽናት ከመጋረጃው ኋላ እየሰማች ነበረች። አላለቀሰችም፣ ሂናዋን እየነቀለች ይመስል ጥፍሯን መፋቅ ጀመረች፣ ድምፁ ይሰማኛል። መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጅቱ ጨዋ ናት፣ ቤቱም ቤት ነው፤ ግን የደዌ ዘር ካለ እኛም ልጅ ወልደናል» አሉ። ወጡ።

አባዬ ቢላውን ሥጋው ላይ አስቀመጠ። ቅቤውን በእጅጌው ከፊቱ ጠረገ፣ በሁለቱም በኩል፣ እስኪደርቅ። ከዚያ ከኮቱ ውስጥ ገንዘቡን አወጣና አየው። «ካፈርኩ አይቀር» አለ፣ እንዲያው ለራሱ፣ «ነገ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። ምን ቀረኝ?» ድምፁ ቀሎት ነበር። አምላኬን፣ ቀሎት ነበር። «ሳሌም፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ የሞቱትን በደንብ ጻፊልኝ፣ እውነቱን።» እሺ አልኩት። ትከሻዬ ያመኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

በሩን ልዘጋ ወጣሁ። አቶ ወንዳፈራሁ ጓደኞቻቸው በቅሎዎቹን ሲፈቱ ወደ ኋላ ቀርተው አጥሩ ጋ ቆመዋል። «ነይማ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። አፋቸው ይሸታል፣ ያ የአጎቴ የአፈወርቅ ሽታ። «ያቺ ነርስ፣ በየትኛው ቀን ነው ሥራ የምትገባው?»

«ምነው?»

«ለአንድ ዘመዴ ነው።»

«ዘመድዎ ደም ያያሉ?»

መሬት መሬት አዩ። «ስድስት ወር ሆነው። ወንድሙም በዚሁ ነው የሞተ። አደራ፣ ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ።» ቀበቷቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ወደ በቅሏቸው ሄዱ። የእህቴን ጋብቻ በደም ያፈረሱት ሰውዬ! ደሙ የኛ ብቻ ይመስል! አስመለሰኝ፤ እንጨት ቁልሉ ላይ ያለኝን ሁሉ አወጣሁት።

ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን እኔ ነኝ፤ ገባሁና አፈረጥኩት። እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደሚያስጠሉ አባዬ እንዲያውቅ ፈልጌ ነው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እትዬ ዘነበች እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ፊታቸው ቀስ እያለ ሲበራ እያየሁ ነው። «እንግዲያማ እኩል ነን» አሉ። ነጠላቸውን አነሡና በባዶ እግራቸው ወጡ። በእሳቸው ዕድሜ እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። መታጠፊያው ጋ የአቶ ወንዳፈራሁን በቅሎ ልጓም ሲይዙ፣ ወደ ላይ አንጋጠው ሲያወሩ፣ ሰውዬው አንገታቸውን ሲደፉ ከበሩ አየሁ።

ተመልሰው መጡ። ሁሉም ተቀመጡ፣ እዚያው ቦታቸው። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መጽሐፍ የሚያውቀው ደዌ ለምጽ ነው። የሆድ ሕመም ደዌ አይባልም፤ ልጅቱም ልጅ ናት» አሉ። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። እስከዚያ ድረስ ከሁለቱም ወገን ማንም ሆስፒታል ሄዶ እንዳይታይ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ ይህንንም እትዬ ናቸው ያሉት፣ አቶ ወንዳፈራሁ ቶሎ ብለው «ልክ ነው» አሉ። «ከሰርጉ በኋላ እንደ ልባቸው ይታከማሉ» አሉ እትዬ። ጽናት ከመጋረጃው ወጥታ የአማቷን ጉልበት ሳመች። ከሁለት ወገን፣ እያልኩ አስባለሁ፣ ልጇ ከሁለት ወገን ነው የሚወርሰው፤ ክብ እና አራት ማዕዘን፣ ሁለቱም ጥቁር። ሰባት ቤት ቆጥረው ቆጥረው ይኼንን አገናኙ።

አባዬን አየሁት። ኮቱን ለብሶ ነበር። ማንም ሳይነግረው አወለቀው፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለው፣ ተመልሶ ቁጭ አለ። እኔን አላየኝም። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ እያልኩ በጣቴ ቆጠርኩ፤ እስከ ጥር ዘጠኝ ወር ነው። አጎቴ አፈወርቅ ደም ማየቱን ከተናገረ በኋላ የቆየው ሰባት ወር ነው።

መሪጌታ ተነሡና መረቁ። «ጋብቻውን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልን፣ ዘራችሁን እንደ ሰማይ ኮከብ ያብዛልን።» ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው አሜን አሉ፤ አባዬም አለ። እኔ አላልኩም። ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ እትዬ፣ ጽናት፣ አቶ ወንዳፈራሁ። በመጨረሻ አባዬም ዞረ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔን ያየው ያኔ ብቻ ነው፣ ዓይኑ ደሞ በይ ይላል፣ ይለምነኛል።

አሜን አልኩ።